የበገና ወፍራም ድምፅ ከየት ይመጣል?

 

በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ላይ ዘንድሮ የመረጥነው አርእስት በገና ነው። አንዳንድ አባል «ኧረ ለመሆኑ በገናን ከእድር ምን አገናኘው?» ይል ይሆናል። የሚያገናኘው ነገር አለ። እድር ሰው ሲሞት የሚሰበሰብ ማኅበር ነው። በገና ደግሞ ሰው ገና በሕይወት ሳለ ሞቱን እንዲያስብ የሚያደርግ መሣሪያ ነው። ከዚህም ሌላ አንድ ምክንያት አለን፤ ይኸውም በእድራችን ዕቃ ቤት ስለሚገኝ አንድ ዕቃ ነው፤ እሱን ወደ ኋላ እንገልጸዋለን።

በገና ምን ዓይነት መሣሪያ ነው?

እንደሚታወቀው በአገራችን አውታር ካላቸው የዜማ መሣሪያዎች ሦስቱ የታወቁ ናቸው። ማሲንቆ የፈረስ ጭራ የሆነ አንድ አውታር ብቻ አለው፤ በደጋን እየተገዘገዘ ይጮኻል። ክራር አምስት ወይም ስድስት አውታር አለው፤ ለዘፈንም፣ ለጨዋታም፣ ለሠርግም ይሆናል። በገና ግን አሥር አውታር ያለው፣ ቁመቱ ከአንድ ሜትር የሚበልጥ፣ ተቀምጠው አቅፈው የሚደረድሩት ትልቅ መሣሪያ ነው። በገና አይዘፈንበትም። ስለ እግዚአብሔር ቸርነት፣ ስለ ጌታ ሕማም፣ ስለ እመቤታችን፣ ስለ ቅዱሳን፣ ስለዚህ ዓለም ኃላፊነትና ስለ ሞት ነው የሚደረደርበት።

ብዙ ሰው በገና የቅዳሴ ዕቃ ይመስለዋል። አይደለም። የማኅሌቱ ዕቃ ከበሮ፣ ጸናጽልና መቋሚያ ነው። በገና በቤት ውስጥ፣ ሰው ብቻውን ወይም ከቤተሰቡ ጋር ሆኖ፣ በተለይም በዓቢይ ጾም ከበሮው ዝም በሚልበት ጊዜ ለጸሎትና ለጽሞና የሚደረደር ነው። ድምፁም ለዚህ የተገባ ነው። ወፍራም ነው፣ ሞቅ ያለ ነው፣ ደግሞም ንብ በቀፎ ውስጥ ሆና እንደምታሰማው ያለ ዝዝዝታ አለበት። አንድ ጊዜ የሰማው ሰው ከሌላ መሣሪያ ጋር አያሳስተውም።

ታሪኩ በአጭሩ

በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት በገና የንጉሥ ዳዊት መሣሪያ ነው፤ ወደ አገራችንም የገባው ቀዳማዊ ምኒልክ ከኢየሩሳሌም ከሌዋውያን ጋር ሲመጣ ነው ይባላል። በመዝሙረ ዳዊትም ስለ አሥር አውታር በገና ተጽፎ እናገኛለን። ሊቃውንት ሲመረምሩ ደግሞ በገና ከጥንት የባቢሎንና የግሪክ አገር መሣሪያዎች ጋር በአሠራር የሚዛመድ መሆኑን ይናገራሉ። ሁለት ቋሚ፣ አንድ ማገር፣ ከታች ሳጥን ያለው መሣሪያ በነዚያ አገሮች ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት ነበረ። ዛሬ በእነሱ ዘንድ ጠፍቷል፤ በእኛና በጎረቤቶቻችን፣ በሱዳን፣ በኡጋንዳና በኬንያ ግን የዚሁ ቤተሰብ መሣሪያዎች አሁንም በሰው እጅ ይገኛሉ።

በብራና መጻሕፍት ላይ ንጉሥ ዳዊት በገና ይዞ ተቀምጦ የሚታይበት ሥዕል ከ15ኛው መቶ ዘመን እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይገኛል። ከዚያ ወዲህ በገና የመሳፍንትና የመኳንንት፣ የወይዛዝርትም ዕቃ ሆኖ ቆይቷል። እቴጌ ጣይቱ ብጡል በገና መደርደር ያውቁ እንደነበር የታወቀ ነው። በገና የተከበረ ሰው የሚይዘው እንጂ ለልመና ወይም ለገበያ የሚወጣ አልነበረም። ይህ ክብሩ ነው፤ ነገር ግን ጉዳቱም ይኸው ነው ብንል ውሸት አይሆንም። በየመንደሩ የሚዞር አዝማሪ ስለሌለው፣ ባለቤቱ ሲሞት ሙያው አብሮት ይቀበራል።

ባለፉት ዘመናት ይህን ሙያ ከመጥፋት ካተረፉት ሰዎች አንዱ አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ናቸው። እንጦጦ ላይ የተወለደው ዓለሙ አጋ ገና ልጅ ሳለ ከእሳቸው እግር ሥር ተቀምጦ ተማረ። ዓለሙ አጋ በኋላ በአዲስ አበባ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ከ1964 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በገና አስተማረ። በደርግ ዘመን ግን ሃይማኖት ነክ ነገር ስለማይወደድ የበገናው ትምህርት ቆመ፤ በሬዲዮም በጾም ወራት ይሰማ የነበረው ድምፅ ጠፋ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ነገሩ ተመለሰ። የዓለሙ አጋ ድርደራ በፈረንሳይ አገር በሚታተመው «ኢትዮፒክስ» በሚባለው የሙዚቃ ተከታታይ በ11ኛው ቁጥር ወጥቶ በዓለም ተሰማ። ዛሬ በሰንበት ትምህርት ቤቶች ብዙ ወጣቶች፣ ሴቶች ልጆችም ጭምር፣ ይማሩታል። እዚህ ላይ ልብ እንበል፤ ይህ ሁሉ የሆነው አንድ ሽማግሌ ለአንድ ልጅ ስላስተማሩ ነው። ያን ጊዜ ያ ልጅ ባይገኝ ኖሮ ከዚያ በኋላ ያለው አይኖርም ነበር።

አሠራሩ

የበገና ክፍሎች ስም ከገበሬ ቤት የወጣ ነው። ከላይ አግድም ያለው እንጨት ቀንበር ይባላል። ከታች ያለው ሳጥን ገበቴ ይባላል። አውታሮቹ የሚያርፉበት መደገፊያ ብርኩማ ይባላል። ቀንበር ከበሬ ጫንቃ፣ ገበቴ ከእናቶች ጓዳ፣ ብርኩማ ከምድጃ ዳር መጥተው በአንድ ዕቃ ላይ ተገናኙ ማለት ነው። አባቶች ደግሞ ምሥጢር ይሰጡታል። አሥሩ አውታር አሥርቱ ትእዛዛት፣ ሁለቱ ቋሚዎች ቅዱስ ሚካኤልና ቅዱስ ገብርኤል፣ ገበቴው የእመቤታችን ምሳሌ ነው ይላሉ፤ ሌላም ትርጓሜ የሚሰጡ አሉ።

ገበቴው ጥንት ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ይሠራ ነበር፤ ዛሬ ከሳንቃ የሚገጥሙትም አሉ። አፉ በበሬ ቆዳ ይለበጣል። ቆዳው ጸጉሩ ተፍቆ እርጥብ ሳለ ተወጥሮ ይሰፋል፤ ሲደርቅ ራሱን በራሱ ይወጥራል። አውታሩ የበግ አንጀት ነው። አንጀቱ ታጥቦ፣ ተፍቆ፣ ተዘፍዝፎ፣ ብዙው በአንድነት ተገምዶ በሁለት እንጨት መካከል ተወጥሮ በጥላ ይደርቃል። ወፍራም አውታር ሲፈለግ የሚገመደው አንጀት ይበዛል። የአውታሩ ጫፍ በቀንበሩ ላይ በጠፍር ታስሮ በመቃኛ እንጨት እየተጠመዘዘ ይጠብቃል ወይም ይላላል። ድርደራው በግራ እጅ ጣት ነው፤ ከቀንድ ወይም ከእንጨት በተሠራ መግረፊያ የሚመቱትም አሉ። በጣት ሲደረደር አሥሩም አውታር አይመቱም። አምስቱ ወይም ስድስቱ ዜማውን ሲያወጡ የቀሩት በመካከል ሆነው የጣት ማረፊያ ይሆናሉ።

ታዲያ ወፍራሙ ድምፅ ከየት መጣ? እኛ እንደገባን አራት ምክንያት አለው።

አንደኛ፣ አውታሩ ረጅም፣ ወፍራምና ላላ ያለ መሆኑ ነው። ይህን ነገር የእድራችን ድንኳን ተካዮች ያውቁታል። የድንኳኑ ገመድ አጭርና የተወጠረ ሲሆን በዱላ ቢመቱት ድምፁ ቀጭን ነው። ረጅሙና ወፍራሙ ገመድ ላላ ሲል ግን እያጎራ ይወዛወዛል። ቀስ ብሎ የሚወዛወዝ ነገር ሁሉ ድምፁ ወፍራም ነው፤ ቶሎ ቶሎ የሚንቀጠቀጥ ነገር ድምፁ ቀጭን ነው።

ሁለተኛ፣ የገበቴው ስፋት ነው። ባዶ ጋንና ባዶ ማሰሮ በእጅ መታ መታ ቢያደርጉ የጋኑ ድምፅ ወፍራም፣ የማሰሮው ቀጭን ነው። በውስጡ ብዙ አየር የያዘ ዕቃ ወፍራሙን ድምፅ ያሳድገዋል።

ሦስተኛ፣ ቆዳና አንጀት መሆኑ ነው። ሽቦ ሲመታ እንደ ደወል ስል የሆነ ድምፅ ያወጣል። አንጀት ግን ለስላሳ ነው፤ ስለታሙን ድምፅ ቶሎ ያጠፋውና ሙቀቱን ያስቀረዋል።

አራተኛውና ዋናው እንዝራ የሚባለው ነገር ነው። እንዝራ ማለት በአውታሩና በብርኩማው መካከል የሚገባ ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ነው። ብርኩማው ላዩ ሰፊና ጠፍጣፋ ነው። አውታሩ ሲመታ በእንዝራው ምክንያት ከብርኩማው ፊት ጋር ነካ ለቀቅ፣ ነካ ለቀቅ ይላል። ያ የንብ ድምፅ የሚመጣው ከዚህ ነው። ደርዳሪው እንዝራውን በጥቂቱ ወደ ላይ ወደ ታች እያደረገ ድምፁ «እስኪበስል» ይፈልጋል። የጸጉር ያህል ቢሳሳት አውታሩ ዲዳ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ወፍራም ድምፅ ከትንሽ ሳጥን በኃይል መውጣት አይችልም። ታዲያ በገና እንዴት ይሰማል? ነገሩን በስልክ እናስረዳ። በስልክ መስመር የሰው ድምፅ ወፍራሙ ክፍል ተቆርጦ ነው የሚያልፈው፤ እኛ ግን የአባታችንን ጎርናና ድምፅ በስልክ ስንሰማ ጎርናና መሆኑን እንለያለን። ምክንያቱም ጆሮ ከወፍራሙ ጋር አብረው ከሚወለዱት ቀጫጭን ድምፆች ተነሥቶ የጎደለውን ይሞላዋል። እንዝራም እነዚህን ቀጫጭን ድምፆች አብዝቶ ስለሚያወጣ ጆሯችን ሳጥኑ ካለው ጉልበት በላይ የሆነ ወፍራም ድምፅ ይሰማል። አባቶቻችን ይህን በላቦራቶሪ ሳይሆን በጆሮ ነው ያገኙት።

የውጭ አገር ሰዎችስ?

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። ፈረንጆችም ጊታርን ወፍራም ድምፅ ለማስወጣት ብዙ ደክመዋል። የሜክሲኮ ሰዎች ጊታሮን የሚባል ሆዱ እጅግ ትልቅ የሆነ ጊታር ሠሩ። በአሜሪካ ሊዮ ፌንደር በ1951 እ.ኤ.አ. ሳጥኑን ጭራሽ ትቶ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ቤዝ ጊታር አወጣ። በ1972 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኧርኒ ቦል የሚባል ሰው ያለ ኤሌክትሪክ የሚጮኽ ቤዝ ጊታር ሠርቶ ኧርዝዉድ ብሎ ሰየመው፤ ሆዱን ጥልቅ አደረገው። ሆኖም እንዲህ ያለ ጊታር ድምፁ ቢጣፍጥም ከሌሎች መሣሪያዎች ጋር ሲሆን ይዋጣል። በአዲስ አበባም የባህል ባንዶች ክራሩን አሳድገውና ወፍራም አውታር አስረው ቤዝ ክራር ይሉታል፤ እሱም ያለ ኤሌክትሪክ ብዙ አይሰማም።

እንግዲህ የሰው ልጅ ለዚህ ችግር ያገኘው መልስ ሦስት ነው። አንዱ ሆድን ማስፋት፣ ሁለተኛው ኤሌክትሪክ፣ ሦስተኛው አውታሩን ማስዘዝ ነው። በሦስተኛው መንገድ የሄዱ ሌሎችም አሉ። ሕንዶች ታንፑራ በሚባለው መሣሪያቸው አውታር ሥር የጥጥ ክር አስገብተው እንደ በገናችን ያስዝዙታል። ሌላው ልዩነት በገና ከማንም ጋር አይፎካከርም። ጸጥ ባለ ቤት ብቻውን ስለሚደረደር መጮኽ አያስፈልገውም። ሰሚው ነው ዝም የሚለው።

በእኛ በባሌ ደጋ

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በገና የሚሠራበት ነገር በባሌ አለ ወይስ የለም? እንመልከት።

እንጨቱን በሚመለከት፣ ለገበቴው የተመሰገነው ዋንዛ ነው፤ ቀላል፣ ለመፈልፈል የማያስቸግር፣ የማይሰነጠቅ ነው። ዋንዛ በሮቤና በጎባ ብርድ አይበቅልም፤ ወደ ደሎ መና በሚወርደው በሐረና በታችኛው ወገን ግን አለ። በደጋው ያለን ጽድና ኮሶ ነው። ጽድ ለቋሚውና ለቀንበሩ ቀጥ ያለ ይገኝለታል፤ ለገበቴ ግን መሰንጠቅ ይወዳል። እዚህ ላይ አደራ የምንለው ማንም ሰው ለበገና ብሎ ከፓርኩ ውስጥ ዛፍ እንዳይቆርጥ ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ የሁላችን ንብረት ነው። ከፈረሰ ቤት የሚገኝ አሮጌ ሳንቃ ይበቃል፤ እንዲያውም ብዙ ዘመን የደረቀ እንጨት ለዜማ ዕቃ ከእርጥቡ የተሻለ ነው።

አንጀቱን በሚመለከት አንቸገርም። ደጋችን የበግ አገር ነው። በዚህ ረገድ አንድ ደስ የሚል ነገር እንናገር። በእድራችን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አለ። ሥጋ በየሃይማኖታችን ለየብቻ እንበላለን፤ የአውታር አንጀት ግን አይበላም። ከዓመታት በፊት አንድ ሙስሊም ጎረቤታችን ለዐረፋ ካረዱት በግ አንጀቱን አጥበው ለበገና ሠሪው ሰጥተው እንደነበር እናስታውሳለን። «የእናንተ ዳዊት የእኛም ነቢዩላህ ዳውድ አይደለም እንዴ!» ብለው ሳቁ። የድሬ ሼህ ሁሴን ተሳላሚዎች የሚያዜሙትን ባሕሮ የሚያውቅ ሰው በሌሊት የሚሰማ ምስጋና ምን እንደሆነ አይጠፋውም።

ችግራችን የአየሩ ጠባይ ነው። ጎባ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ነው፤ ሮቤም ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። በዚህ ላይ ባሌ ሁለት ዝናብ አለው። የመጀመሪያው ዝናብ የሚጀምረው በመጋቢት ገደማ ነው፤ ይህም በገና በሚደረደርበት በዓቢይ ጾም መካከል ማለት ነው። ጉም ሲወርድ ቆዳው እርጥበት ይጠጣና ይላላል፤ አንጀቱም ያብጣል፤ ማታ የተቃኘው በገና ጠዋት ሌላ ሆኖ ይገኛል። መድኃኒቱ ከምድጃ ራቅ አድርጎ ሙቀት ባለበት ግድግዳ መስቀልና ከመደርደር በፊት ፀሐይ ማሳየት ነው። ወደ እሳት ማስጠጋት ግን ቆዳውን ይሰነጥቀዋል።

ለዚህ ነው ዛሬ ወጣቶቹ ናይለን የሚያስሩት። ናይለን ርካሽ ነው፣ ዝናብ አይፈራም፣ ነፍሳት አይበሉትም። ሽማግሌዎች ደግሞ «በናይለን የተደረደረ በገና ነፍስ የለውም» ይላሉ። እኛ ሁለቱንም ሰምተናል። ናይለን ከአንጀት ቀለል ስለሚል ለዚያው ድምፅ ወፈር ያለ ይፈልጋል፤ ድምፁም ይለያል። ስለዚህ ለተማሪ መለማመጃ ናይለን ቢሆን ነውር የለበትም። ዋናውን በገና ግን በአንጀት ማሰር ይገባል እንላለን።

በዕቃ ቤታችን ስላለው በገና

አሁን መጀመሪያ ወደ ጠቀስነው ነገር ደርሰናል። ካረፉ ብዙ ዓመት ያለፋቸው አንድ አባላችን ትተውት የሄዱት በገና፣ ልጆቻቸው ወደ ሌላ አገር ሲሄዱ ለእድሩ በአደራ የሰጡት፣ ዛሬም ከድንኳኑ፣ ከወንበሩና ከብረት ድስቱ አጠገብ ተሰቅሎ ይገኛል። በዕቃ መዝገባችን ላይ «በገና፣ አንድ» ተብሎ ተጽፏል። ሄደን አየነው። ገበቴው ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ዋንዛ ነው፤ ደህና ነው። ቆዳው በአንድ ጥግ ተቀዷል። ከአሥሩ አውታር የቀሩት ስድስት ናቸው፤ እንዝራዎቹ ጠፍተዋል።

በስብሰባ ላይ ስለዚህ ዕቃ ሦስት ሐሳብ ቀርቦ ነበር። አንዱ «ለቱሪስት ዕቃ ነጋዴ ይሸጥና ለድንኳን ሸራ ይሁን» ይላል። ሁለተኛው «እንዳለ በጽሕፈት ቤታችን ግድግዳ ላይ ይሰቀል» ይላል። ሦስተኛው «ይጠገንና ልጆች ይማሩበት» ይላል። እኛ ከሦስተኛው ወገን ነን። አደራ አይሸጥም፤ ይህ የመጀመሪያው ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ በገና ደግሞ ከፎቶግራፍ አይሻልም። ቆዳውን መቀየር ለሮቤ አናጢና ለአንድ ቆዳ ሠሪ የጥቂት ቀን ሥራ ነው። አንጀት ከአባላት ቤት ይገኛል።

የማይገኘው ሌላ ነገር ነው። በእድራችን ውስጥ ቅኝቱን አጥርተው የሚያውቁ፣ እንዝራውን በጆሯቸው የሚያበስሉ አንድ አባት ብቻ ቀርተዋል። ዕድሜያቸው ሰማንያን አልፏል። ጣታቸው ይንቀጠቀጣል፤ ጆሯቸው ግን ደህና ነው። ስንጠይቃቸው «ልጅ አምጡልኝ እንጂ እኔማ ምን ሥራ አለኝ» ነው ያሉን። በአዲስ አበባ ጀማሪ ትምህርት ተምራ የመጣች አንዲት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅም አለች። ጣት አላት፤ የእሳቸውን ዜማና ግጥም ግን አታውቅም።

የእድር ደንባችን ሰው ሲሞት ጥሩንባ ተነፍቶ፣ ድንኳን ተተክሎ፣ ንፍሮ ተቀቅሎ፣ ሣጥን ተሠርቶ እንዲቀበር ያዝዛል። ይህን በደንብ እንሠራለን፤ ማንም አይወቅሰንም። እኚህ አባት ቢሞቱም በክብር እንቀብራቸዋለን። ነገር ግን በእሳቸው ውስጥ ላለው ሙያ ከሞት በኋላ መድረስ አይጠቅምም። ለእሱ ድንኳኑ አስቀድሞ መተከል አለበት።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። አንደኛ፣ በገናው ከዕቃ ቤት ወጥቶ ከመጪው ዓቢይ ጾም በፊት ይጠገን። ሁለተኛ፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ እኚህ አባት ደጅ ድረስ የሚሄዱ ሁለት ወይም ሦስት ልጆች ይመረጡ። ሦስተኛ፣ የሚደረድሯቸው ዜማዎች በስልክም ቢሆን ይቀረጹ፤ ዛሬ በየኪሱ መቅረጫ አለና። ወጪው ለአንድ ድንኳን ሸራ ማደሻ ከምናወጣው አይበልጥም።

ሐሳቡን የሚቃወም አባል ቢኖር ምክንያቱን ይዞ በስብሰባው ይምጣ፤ እንወያይበታለን። የሚደግፍ ግን እስከ ስብሰባው ቀን ሳይቆይ፣ ለበዓል በግ ሲያርድ አንጀቱን እንዳይጥል አደራ እንላለን።